«ስራ ጠል» ለተባለው ጽሑፍ ምላሽ፦ ፈላጊው ሲደክመው ቁጥሩ ይቀንሳል

ባለፈው ሳምንት ፔዳ አካባቢ ወዳለችው ኮፒ ቤቴ አንድ አባት መጡና ስልካቸውን አቀብለውኝ «ይቺን ጽሑፍ ሁለት ኮፒ አውጪልኝ እስቲ ልጄ፣ አንዱ ለኔ፣ አንዱ ለዛ እቤት ለተጋደመው ልጅ» አሉኝ። ፕሪንት ሳደርግ አይኔ ማንበቡ አይቀርም፣ ርዕሱ «የባህር ዳር ወጣት ስራ ጠል እንጂ ስራ አጥ አይደለም» ይላል። ልጃቸውን አውቀዋለሁ። ሲቪውን የምሰራለት እኔ ነኝ፣ ኮምፒውተሬ ላይ በስሙ 11 ፋይል ተቀምጧል፣ ለየማስታወቂያው እየቀያየርን ያወጣነው ማለት ነው፣ የመጨረሻው ከ7 ወር በፊት ነው፣ ከዛ ወዲህ አልመጣም። ለአባትየው ያን ሰአት ምንም አላልኳቸውም፣ ሂሳቤን ተቀብዬ ሸኘኋቸው፣ ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልጁ ያን ወረቀት ከአባቱ እጅ ተቀብሎ ሲያነብ ይታየኛል።

ስለራሴ ትንሽ ልበል፣ ከየት ተነስታ ነው የምታወራው እንዳትሉ። የተማርኩት ስታቲስቲክስ ነው። ተመርቄ ቋሚ ስራ ሳላገኝ ቆይቼ በአንድ የቤት ለቤት ጥናት ላይ ለጥቂት ሳምንታት ታብሌት ይዤ ዳታ ሰብስቤያለሁ፣ ኮንትራቱ ሲያልቅ ከአክስቴ ተበድሬ ይቺን ማሽን ገዛሁ። ስለዚ ጥያቄውን ስጠይቅም ነበርኩ፣ አሁን ደግሞ የሚጠየቁት ልጆች ዶክመንታቸውን ይዘው እኔ ጋ ነው የሚመጡት።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ባጭሩ፦ ጸሐፊው ረጅም ዘመን በመንግስት ስራ ያገለገሉ የከተማችን ሰው ናቸው፣ ስማቸውን አልጠራም፣ በእድሜ አባቴ ስለሚሆኑ ጋሼ እያልኩ ነው የምመልሰው። የሚሉት ይሄን ነው፦ የወጣት ስራ አጥነት በአለም ደረጃ ቀንሷል፤ ስራ የማይፈልግ ሰው ስራ ፈት እንጂ ስራ አጥ አይባልም፤ የኛ ልጆች ስራ ይመርጣሉ፤ መሬቱም ጣናም ስልኩም እጃቸው ላይ ነው፤ ቤት ያሉ ሴቶች ከቁጥሩ ውስጥ መግባት የለባቸውም፤ በመጨረሻም ቀበሌ በየጊዜው መጥቶ የማያሳድሰውን ልጅ ስም ከስራ አጥ መዝገብ ይሰርዝ። ክፋት አስበው ጻፉት አልልም፣ በደንብ የተጻፈ ነው፣ ቁጥርም አለበት፣ ወላጅ ፕሪንት አስደርጎ ለልጁ የሚሰጠውም ለዛ ነው፣ እኔንም ያሳሰበኝ ይሄው ነው።

ከቁጥሩ ልጀምር። ጋሼ «በ15 አመት ውስጥ ዝቅተኛው ደረጃ» ያሉት ልክ ነው። የአለም የስራ ድርጅት በፈረንጆቹ 2024 ባወጣው የወጣቶች ሪፖርት የ2023ቱ የወጣት ስራ አጥነት 13 ፐርሰንት ነው፣ በሰው ሲቆጠር 64.9 ሚሊዮን፣ በ15 አመት ውስጥም ዝቅተኛው ነው ይላል። ግን እዛው ሪፖርት ላይ ሌላም ቁጥር አለ፣ እሱን ዘለሉት። ከአለም ወጣት 20.4 ፐርሰንቱ፣ ማለትም ከ5 አንዱ፣ ትምህርት ላይም የለም ስራ ላይም የለም ስልጠና ላይም የለም ይላል፣ ከነሱ ውስጥ ደግሞ ከ3 ሁለቱ ሴቶች ናቸው። እነዚህ ከ5 አንዱ የሆኑት ልጆች አብዛኞቹ 13 ፐርሰንቷ ውስጥ የሉም፣ ለምን እንደሌሉ ወደታች እመጣበታለሁ።

ሌላው እድሜው ነው። ድርጅቱ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 24 ያለውን ነው፣ እኛ አገር ግን በ1996ቱ የወጣቶች ፖሊሲ መሰረት ወጣት ማለት ከ15 እስከ 29 ነው። ይቺ 5 አመት ቀላል እንዳትመስላችሁ። እዚህ ያለ ልጅ በኮሮና ትምህርት ተዘግቶበት፣ በጦርነት ተቋርጦበት፣ አንዳንዱም ሪሚዲያል ገብቶ፣ ከ2015 ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና ተጨምሮበት ሲመረቅ 24 ወይ 25 ሞልቶታል። ስራ መፈለግ በሚጀምርበት አመት ከአለሙ ስሌት በእድሜ ወጥቷል ማለት ነው። ያ 11 ሲቪ የሰራሁለት ልጅ 27 አመቱ ነው፣ 13 ፐርሰንቷ ውስጥ ገብቶም አያውቅም፣ ስለዚ እሷ ብትቀንስም ብትጨምርም ስለሱ የምትነግረን ነገር የለም።

ከዛ ደግሞ ጋሼ ያቺን ቁጥር ከኛ አገር የከተማ ቁጥር ጎን አስቀምጠው «የኛም በዚሁ መንገድ እየወረደ ነው» ብለዋል። እዚህ ላይ ነው በጣም ያዘንኩት፣ ምክንያቱም ሁለቱ በአንድ መስፈሪያ አልተሰፈሩም፣ አንዱ በቁና አንዱ በእርቦ የተሰፈረ እህል ማለት ነው። በአለሙ መስፈርት ስራ አጥ ለመባል ሶስት ነገር ይጠየቃል፦ ስራ የሌለህ፣ ብታገኝ ለመጀመር ዝግጁ የሆንክ፣ እና ሰሞኑን በተግባር ስትፈልግ የነበርክ፣ አመለከትክ፣ ሰው ጠየቅክ፣ ተመዘገብክ ምናምን። የኛው የስታቲስቲክስ መስሪያ ቤት ግን በከተማ ጥናቶቹ ላይ ለረጅም ጊዜ ሶስተኛዋን አላልቶ ነው ሲሰራ የኖረው፣ ስራ የሌለውና ቢያገኝ የሚሰራ ሰው ባያመለክትም ይቆጠራል። ትክክልም ነው፣ ማስታወቂያ በሌለበት ከተማ «ለምን አላመለከትክም» አይባልም። በዚህ መስፈሪያ በ2010 የከተማ ስራ አጥነት 19.1 ፐርሰንት ነበር፣ የሴቶቹ ደግሞ ከወንዶቹ ከእጥፍ በላይ። ስለዚ አንዱ የደከመውንም ይቆጥራል፣ ሌላው የደከመውን ያወጣል፣ ሁለቱን አጋጥሞ ወረደ ወጣ ማለት አይቻልም።

ያቺ ሶስተኛዋ መስፈርት ምን እንደምትሰራ በቀላል ምሳሌ ላሳይ፣ የእውነት ቁጥር ሳይሆን ለማስረዳት ያወጣሁት ነው። አንድ ሰፈር ውስጥ፣ ሽምብጥ በሉት፣ 100 ወጣት አለ እንበል። 40ው ይሰራል፣ 20ው ስራ እየፈለገ ነው፣ 40ው ወይ ተማሪ ነው ወይ ቤት ነው። ስራ አጥነት የሚሰላው ከመቶው ላይ አይደለም፣ ከሚሰራውና ከሚፈልገው ድምር ላይ ነው፣ 20 ለ60 ሲካፈል 33 ፐርሰንት። አሁን ከ20ዎቹ ፈላጊዎች 10ሩ ሰለቻቸውና ማመልከት ተዉ። ሰፈሩ ውስጥ አንድም አዲስ ስራ አልተፈጠረም፣ አንድም ሰው አልተቀጠረም፣ ግን ስሌቱ 10 ለ50 ይሆናል፣ 20 ፐርሰንት። ከ33 ወደ 20 ወረደ! ሪፖርት ላይ ቢጻፍ እልል ይባልበታል። እነዛ 10 ልጆች የት ሄዱ? «ከስራ ገበያ ውጭ» የሚባለው ሳጥን ውስጥ ገቡ፣ ከተማሪውና ከታመመው ጋር ተደባለቁ።

ለዚህ ነው ስራ አጥነት ስንል ሁልጊዜ ሶስቱንም አንድ ላይ ማየት ያለብን የምለው፣ ስንቱ ይሰራል፣ ስንቱ ይፈልጋል፣ ስንቱ ከሁለቱም ውጭ ነው። «ይሰራል» የተባለውም ቢሆን ሊመረመር ይገባል። ጥያቄው ባለፉት 7 ቀናት ውስጥ ቢያንስ ለ1 ሰአት ለገንዘብ ወይ ለትርፍ ሰርተሃል ወይ ነው የሚለው። ቅዳሜ ገበያ ላይ ሁለት ሰአት እቃ ተሸክሞ ሌላውን ሳምንት ቁጭ ያለ ልጅ «ሰራተኛ» ተብሎ ነው የሚገባው፣ እናቷ ሱቅ ውስጥ ያለ ደሞዝ የምታግዝ ልጅም እንደዛው። ይሄ የኛ አገር ስህተት አይደለም፣ አለም ሁሉ የሚጠቀምበት ነው፣ ደሀ አገር ውስጥ ጭራሽ ምንም ሳይሰራ መቀመጥ የሚችል ሰው ስለማይበዛ ስራ አጥነቱ ሁሌም ከኑሮው የተሻለ ሆኖ ይታያል። ቁጥሩን የሚያነብ ሰው ግን ይሄን ማወቅ አለበት።

ወደ ዋናው ልምጣ፣ «ስራ የማይፈልግ ሰው ስራ ፈት ነው» ወደሚለው። አማርኛችን እዚህ ላይ ትንሽ ያስቸግራል። መፈለግ የምንለው ሁለት ነገር ነው፣ አንዱ በልብ መሻት፣ ሌላው በእግር መዞር። ታብሌት ይዤ ስዞር ያየሁት ነው፣ አንዱን ልጅ «ስራ ፈልገሃል?» ስትለው «ኧረ እንዴት አልፈልግም!» ይልሻል። «እሺ ባለፈው አንድ ወር የት አመለከትክ?» ስትይው ዝም ይላል። እንደገና «ለምን አላመለከትክም?» ስትይው «የት ብዬ?» ይላል። አንዳንዱ ቤት እናትየው ቡና እያፈሉ ነው መልሱ የሚሰጠው፣ ልጁ እናቱ ፊት «ተስፋ ቆርጬ ነው» ማለት ይከብደውና «አይ፣ አሁን አልፈለግሁም» ብሎ ያልፋል። ያቺ «አልፈለግሁም» ታብሌቷ ላይ አንድ ኮድ ሆና ትገባለች፣ ወደ ላይ ስትወጣ «ስራ አይፈልጉም» ትሆናለች፣ ጋሼ ጽሑፍ ላይ ስትደርስ «ስራ ጠል» ሆናለች። በእግሩ መዞር ያቆመ ልጅ በልቡ መሻት አቁሟል ማለት አይደለም፣ ሁለቱን አንድ አድርገው ነው የፈረዱበት።

ለምን መዞር ያቆማል ለሚለው የኮፒ ቤቴ ጠረጴዛ መልስ አላት። አንድ ማመልከቻ ማለት ሲቪ፣ የማመልከቻ ደብዳቤ፣ ቴምፖው ወይ ዲግሪው፣ የውጤት ወረቀቱ፣ የመውጫ ፈተና ውጤቱ፣ የ12ኛ ክፍል ካርድ፣ መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ሁሉም ኮፒ ሆኖ ኦሪጅናሉም ለማመሳከሪያ ተይዞ ማለት ነው። ለፈተና ከተጠራ ፈተናው ብዙ ጊዜ ሌላ ከተማ ነው፣ አዲስ አበባ ከሆነ ትራንስፖርት አለ አልጋ አለ፣ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ቀኑ ያልፍበታል። ከነሀሴ 2015 ወዲህ ክልሉ ውስጥ ባለው ውጊያ ምክንያት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ፈተና ያመለጣቸው ልጆች እኔ ጋ መጥተው «ሌላ ቀን ይሰጡን ይሆን» እያሉ ደብዳቤ አስጽፈውኛል። ካለፈ ደግሞ ዋስ አምጣ ይባላል፣ ቋሚ ደሞዝ ያለው ሰው፣ ዘመድ ከሌለህ ከየት ታመጣለህ? ይሄን ሁሉ ወጪ የሚሸፍነው አባት ነው፣ አባት ሶስቴ አራቴ ይሰጣል፣ አምስተኛው ላይ ዝም ይላል፣ ልጁም መጠየቅ ያፍራል። ያ 11 ሲቪ ያወጣው ልጅ የመጨረሻዋን ሲያወጣ ግማሹን በዱቤ ነው የወሰደው፣ እስካሁን አልከፈለም፣ እኔ ብሩን ብዬ አይደለም፣ ግን ሱቄ በር ላይ ሲደርስ በሌላኛው የመንገድ ዳር እንደሚያልፍ አይቻለሁ።

ጋሼ «ከሰአት ላይ ከረንቡላ ቤት ብትሄዱ ሞልቶ ታገኙታላችሁ» ብለዋል። እውነት ነው ይገኛሉ፣ ጫት ቤትም ይገኛሉ፣ ይሄን የምክደው ነገር የለም፣ ወንድሜንም ከዛ ጎትቼ አውጥቼ አውቃለሁ። ግን ቅደም ተከተሉን እንየው። አብዛኞቹ ከረንቡላ ስለሚጫወቱ አይደለም ስራ ያጡት፣ ስራ ካጡ ከአመት በኋላ ነው እዛ የሚገኙት፣ ቤት ውሎ የእናትን ፊት ማየት ስለሚከብድ።

አንድ ነገር ደግሞ ጽሑፉ ጭራሽ አላነሳውም፣ ከዩኒቨርስቲ በር በፊት ስለሚቀሩት። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2014 ከተቀመጡት 3.3 ፐርሰንቱ ነው ያለፈው፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4። በሪሚዲያልና በቴክኒክና ሙያ የገቡ አሉ፣ እሺ፣ ግን ከ100 ልጅ 97ቱ «አላለፍክም» ተብሎ በ18 አመቱ ቤቱ የተመለሰበት አመት ነበር። እነዚህ ልጆች ተማሪ አይደሉም፣ ሰራተኛ አይደሉም፣ ዲግሪ ስለሌላቸው ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር እንኳን አይቆሙም። «ዲግሪ ይዞ የሚኮራ ወጣት» የሚለው ወቀሳ እነሱን አያገኛቸውም፣ በቁጥር ደግሞ እነሱ ናቸው የሚበዙት።

«ይመርጣሉ» ለሚለው። ጋሼ ሶስት ምሳሌ ሰጥተዋል፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ መሬቱ፣ ሀይቁ። ስለ ፓርኩ ብዙ አልልም። እዚህ ከተማ ፋብሪካ ብርቅ አይደለም፣ ባህር ዳር ጨርቃጨርቅ ከ1953 ጀምሮ ያለ ነው፣ ስንት ቤተሰብ በሱ ልጅ አስተምሯል፣ ስለዚ ወጣቱ ፋብሪካ ንቆ አይደለም። ግን በፈረንጆቹ ጥር 1 ቀን 2022 አሜሪካ ከቀረጥ ነጻ የሚያስገባውን አጎዋ የሚባለውን እድል ስትዘጋብን ልብስ ሰፍቶ ወደ ውጭ መላክ ላይ የተመሰረተው የፓርክ ስራ ሁሉ ነው የተመታው፣ በአገር ደረጃ። ደሞዙም ቢሆን፣ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ዝቅተኛ ደሞዝ የሚያጠና የደሞዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ነበር፣ ለግል ድርጅት የተወሰነ ዝቅተኛ ደሞዝ ግን የለንም። አንዲት ልጅ የአንድ ክፍል ኪራይ ከፍላ በሚተርፋት የማትበላ ከሆነ ቤተሰብ ጋ ብትቀመጥ መረጠች አይባልም፣ አስልታለች።

መሬቱ ላይ ግን ልቆይ ነው፣ ምክንያቱም «አባቶቻችን አርሰው ነው ያሳደጉን፣ እነሱ ሞፈር መያዝ ያፍራሉ» የሚለው ብዙ ሰው ስሜቱን የሚነካ አባባል ነው። እኔ እናቴ ዘመዶች ፎገራ በኩል ናቸው፣ ሩዝ የሚዘራበት፣ ሽታውን አውቀዋለሁ። ጋሼ፣ በክልላችን የመጨረሻው የመሬት ሽግሽግ የተደረገው በ1989 ነው። በፖሊሲው ወጣት የሚባለው ሁሉ፣ እስከ 29 አመት ያለው፣ ያኔ ወይ አልተወለደም ወይ በአንቀልባ ነበር። ሞፈር ለመያዝ አፍሮ ሳይሆን ሞፈሩን የሚያሳርፍበት መሬት በስሙ የለውም። ያለው አማራጭ የአባቱን ከወንድምና ከእህት ጋ መካፈል ነው፣ የአባቱ ደግሞ ያኔም ብዙ አልነበረም፣ ለአራት ሲሸነሸን ለአንዱ ቤት የማይበቃ ቁራሽ ነው የሚደርሰው። የእኩል አርሶ የሚያድር አለ፣ ተከራይቶ የሚያርስም አለ፣ ግን ለማዳበሪያ ብር ያስፈልጋል፣ በሬ ያስፈልጋል። ገጠር ያሉት ልጆች ራሳቸው ናቸው ወደ ባህር ዳር እየመጡ በቀን ስራ የሚሰለፉት፣ እዚህ ያለውን ልጅ ወደዛ ሂድ ማለት እነሱ ከወጡበት በር ግባ ማለት ነው።

ሀይቁስ? ጀልባው አለ፣ አሳው አለ፣ ዘጌ አለ፣ ገዳማቱ አሉ። ጎብኚው ነው የሌለው፣ እንደ ድሮው። አስጎብኚ ሆነው ፈረንሳይኛ ሳይቀር የተማሩ ልጆች ናቸው ውጊያው ከጀመረ ወዲህ ወደቡ ላይ ቁጭ ያሉት፣ ስራ ጠል ቢሆኑ ኖሮ ቋንቋ አይማሩም ነበር። አሳውም በ2004 እምቦጭ ከታየ ወዲህ በተለይ በሰሜንና በምስራቅ ዳርቻ መረብ መጣያው ቦታ ተሸፍኗል፣ አሳ አጥማጆቹ እራሳቸው እያማረሩ ነው፣ አዲስ ልጅ ጨምሮ ማሰማራት እንዴት ይታሰባል።

ከስራ ማስታወቂያም ልጨምር፣ ስለ መምረጥ ከተወራ። ሰኞ ሰኞ በኩር ጋዜጣ ስትወጣ ልጆቹ ይዘዋት ይመጣሉ፣ አብረን ነው የምናነበው። «የስራ ልምድ 2 አመት»፣ «4 አመት»፣ «6 አመት»። 0 አመት የምትል ስትገኝ ጣታቸውን ያሳርፉባትና ብዛት የሚለውን ያያሉ፣ «1»። ለዛች 1 ቦታ በአንድ ቀን ሀያ ሲቪ ያወጣሁበት ጊዜ አለ፣ እኔ ጋ ብቻ፣ ሌላው ኮፒ ቤት የወጣውን አላውቅም። መራጩ ማን እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ኦንላይን ስራ የሚለውን ቶሎ ልለፈው። የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ስልጠና ጥሩ ነው፣ እኔም ለብዙ ልጆች መመዝገቢያውን ከፍቼ አሳይቻለሁ፣ ሰርተፍኬታቸውንም ፕሪንት አድርጌያለሁ። ግን እዚህ ክልል ከነሀሴ 2015 ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተዘግቶ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ዲዛይን እየሰራ ከውጭ ደንበኛ ይከፈለው የነበረ አንድ ልጅ አውቃለሁ፣ ኔት ሲጠፋ ደንበኞቹ ስራ ጀምሮ የጠፋባቸው መሰላቸው፣ ሲመለስ አካውንቱ ላይ መጥፎ ኮሜንት ሞልቶ ነበር። አሁን ጎረቤቴ ሆኖ የስልክ ኮቨር ይሸጣል።

ሴቶቹ ላይ ጋሼ የጻፉት አንድ አንቀጽ ብቻ ነው፣ «ቤት ያሉ እህቶቻችን የቤት እመቤቶች ናቸው፣ ስራ አጥ ብሎ መቁጠር ቁጥሩን ማሳበጥ ነው»። እኔን ከሁሉም በላይ የነካኝ ይሄ ነው። ከላይ ያልኩትን ያስታውሱ፣ ከስራም ከትምህርትም ውጭ ከሆኑት የአለም ወጣቶች ከ3 ሁለቱ ሴቶች ናቸው። በጥናት ላይ አንዲትን ልጅ «ለምን ስራ አልፈለግሽም» ስትያት ከሚመረጡት መልሶች አንዱ የቤት ውስጥ ሀላፊነት ነው፣ አብዛኛዋ እሱን ነው የምትለው፣ አንቺም ትነኪውና ታልፊያለሽ። ታላቅ እህቴ አካውንቲንግ ተመርቃለች። ስትወልድ የያዘችውን ስራ ለቀቀች፣ ምክንያቱም ልጅ የምትይዝላት ሰራተኛ ልትቀጥር ስታሰላ የሷ ደሞዝ ለሰራተኛዋ፣ ለወተትና ለባጃጅ አለቀ። አሁን ልጁ 5 አመት ሆነው፣ ትምህርት ቤት ገብቷል፣ እሷ ልትመለስ ስትል ማስታወቂያው ላይ የሚፈለገው ልምድ ያልተቋረጠ፣ እድሜ ከዚህ የማይበልጥ። «የቤት እመቤት ነሽ» ስንላት መርጣ የገባችበት ይመስላል። ቀን ሙሉ ውሃ ስትጠብቅ፣ ውሃ የሚመጣው ሌሊት ከሆነ ሌሊት ስትነሳ፣ አማቷን ስታስታምም ነው የምትውለው፣ ይሄ ስራ ነው፣ ማንም አይከፍላትም እንጂ። ስራ ቢገኝ ነገ ትጀምሪያለሽ ወይ ብትሏት ግን ልጁን ማን ይቀበለዋል ብላ ትጠይቃለች፣ በዛች ጥያቄ ምክንያት «ዝግጁ አይደለችም» ትባልና ከስራ አጥ ቁጥር ትወጣለች። ቁጥሩ ያበጠው በሴቶቹ ነው ይላሉ፣ እኔ የማየው ግን ሴቶቹ እየወጡለት የከሳ ቁጥር ነው። ሰፈር ውስጥ የቀን ልጅ ማቆያ ቢኖር ስንቷ «ዝግጁ ነኝ» እንደምትል ጋሼ ቢያስቡት።

የመጨረሻው፣ መዝገቡ። ጋሼ ቀበሌ «በየ3 ወሩ መጥቶ የማያሳድሰውን ይሰርዝ፣ እውነተኛው ፈላጊ ይለያል» ብለዋል። የስራ አጥ ምዝገባን የማያውቅ ሰው ቀላል ነገር ይመስለዋል። ልጁ ይመዘገባል፣ መታወቂያ ይሰጠዋል፣ ተደራጁ ይባላል፣ አምስት ሆነው ማህበር ይመሰርታሉ፣ ቁጠባ ቆጥቡ ይባላል፣ ይቆጥባሉ፣ ሼድ ይጠብቃሉ፣ ብድር ይጠብቃሉ። በ2009 የ10 ቢሊዮን ብር ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲታወጅ የነበረውን ግርግር የማስታውሰው ተማሪ ሆኜ ነው፣ በዛ ሰርተው የተለወጡ አሉ፣ ከነሱ አንዱ ዛሬ እኔ የምገዛበት እንጨት ቤት አለው፣ ይሄን መናገር አለብኝ። ግን አንድ የማውቀው የአምስት ልጆች ማህበር ሁለት አመት ጠብቆ አንዱ ወደ አዲስ አበባ፣ አንዷ ወደ አረብ አገር፣ አንዱ ወደ ገጠር ቤተሰቡ ሄዶ ሁለት ቀሩ፣ ሁለት ሰው ደግሞ «አባል አልተሟላም» ተባለ። እነዛ የቀሩት ሁለቱ ማሳደሱን ትተዋል። በጋሼ ሀሳብ እነሱ ናቸው የሚሰረዙት፣ ሁለት አመት ሙሉ በየሳምንቱ ከደብተራቸው ሳይጎድሉ የቆጠቡት።

መዝገቡ ይጥራ ከተባለ እኔ የምለው ሌላ ነው። ሳያሳድስ የቀረውን ልጅ ስም በቀይ ከመሰረዝ በፊት ስልኩ ላይ ተደውሎ «ምን ሆንክ?» ይባል። አንዱ ስራ አግኝቶ ይሆናል፣ እሰየው፣ ይጻፍ። አንዱ ከከተማ ወጥቶ ይሆናል። አንዷ ወልዳ ይሆናል። አንዱ ደግሞ «ምን ዋጋ አለው» ይላል፣ ይሄም ይጻፍ፣ ለብቻው ተቆጥሮ ከነምክንያቱ ይለጠፍ። ለእንዲህ አይነት ጥሪ ቀበሌው ጥቂት የተመረቁ ልጆችን ለአንድ ወር ቢቀጥር እኔ ጋ ለዚህ የሚሆኑ ሲቪዎች ሞልተዋል፣ መጠይቁንም በነጻ አዘጋጃለሁ፣ ተናግሬያለሁ።

ለዛ ጽሑፉን ላስወጡት አባት ደግሞ፦ ይሄንንም ሁለት ኮፒ አውጥቼ አስቀምጬልዎታለሁ፣ ሂሳብ የለውም። ለልጅዎትም የዱቤውን ነገር እንዲረሳው ይንገሩልኝ፣ ሰኞ ጠዋት በኩር ስትመጣ ይምጣ።